ተማሪው ሳይገምት ስክሪኑ አይብራ

ለባዮሎጂ ክፍል ታብሌትና ስክሪን ይገዛ ሲባል ስሰማ ዋጋውን ከመጠየቄ በፊት ሌላ እጠይቃለሁ፤ ተማሪው በዚህ ዕቃ ምን ይለውጣል? ምንስ ተሳስቶ ያርማል? መልስ ከሌለ የሚገዛው ቴሌቪዥን ነው። እሱን ደግሞ አይተነዋል።

በ1997 ዓ.ም. የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ጎንደር ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ሥዕሉ ግሩም ነው፤ የሴል ክፍፍልን እንደዚያ አሳምሬ በጠመኔ መሣል አልችልም። ግን ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ፣ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ይጠይቅና መልሱን ራሱ ይናገራል። እጁን ያወጣ ልጅ እጁን እንዳወጣ ይቀራል።

ዛሬ የምኖረው ሮም ዳርቻ፣ ኦስቲያ ነው፤ አንዲት አዛውንት አስታምማለሁ። የሮም ሰው በበጋ ለዋና የሚጎርፍበት ይህ ጠረፍ ድሮ ረግረግና የወባ አገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1900 ሳምቦንና ሎው የሚባሉ ሐኪሞች ወባ በሚበረታበት ወራት እዚሁ አካባቢ፣ መስኮቱና በሩ በወንፊት ሽቦ በተከለለ የእንጨት ቤት ተቀመጡ። ብዙዎች በሽታውን የሚያመጣው የረግረጉ ክፉ አየር ነው ይሉ ነበርና ሌሊት መስኮት ከፍተው ተኙ። ኪኒን አልወሰዱም። የጠበቁት ሥርዓት አንድ ነው፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ መግባት፣ ሳይነጋ አለመውጣት። ወባ አልነካቸውም። በዚያው ዓመት ሮም ውስጥ የወባ ሕመምተኞችን የነከሱ ትንኞች ለንደን ተልከው የሐኪሙን የፓትሪክ ማንሰንን ልጅ ነከሱት፤ እሱም በወባ ታመመ።

ይህን ታሪክ ዛሬ ባስተምረው «መስኮቱን ከፍተው ተኙ» ላይ አቆማለሁ። ይታመማሉ ወይስ አይታመሙም? እያንዳንዱ ግምቱንና ምክንያቱን ደብተሩ ላይ ይጻፍ፤ ውጤቱ ከዚያ በኋላ ይነገር። የኮምፒዩተሩም ሕግ ይኸው ነው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በነፃ የሚያድለው ፌት የተሰኘ የማስተማሪያ ስብስብ ጥንቸሎች በአካባቢያቸው ለውጥና በተኩላ ሲመረጡ ያሳያል፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። መምህሩ «ተኩላ ብንጨምር የትኛው የጥንቸል ቀለም ይበዛል?» ብሎ ካስጻፈ አንድ ላፕቶፕ ለክፍሉ ይበቃል። ካላስጻፈ አርባ ታብሌትም ጨዋታ ነው።

ላፕቶፕ የሌለው ትምህርት ቤትም ሰበብ የለውም። የደንቢያ ተማሪ ከኩሬ በጠርሙስ የቀዳውን ውኃ በሻሽ ሸፍኖ ይመልከት። የወባ ትንኝ እጭ ውኃው ላይ ጋደም ይላል፤ የሌሎቹ ትንኞች እጭ ጭንቅላቱን ወደ ታች አዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ያለ ማይክሮስኮፕ ይለያል። እጩ ክንፍ ሳያወጣ ውኃውን ደረቅ መሬት ላይ መድፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የወባ ትንኝ ደግሞ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ስለምትራባ፣ የድሬዳዋ ልጅ ላብራቶሪው የቤቱ በርሜል ነው።

«ክፍሉ በተማሪ ታጭቋል፣ ፈተናውም ምርጫ ነው» የሚለኝ መምህር እውነቱን ነው። ግምት ማስጻፍ ግን ሁለት ደቂቃ ነው፤ እየዞሩ ማረምም አያስፈልገውም፤ ልጁ ራሱን ያርማል። ፈተና አውጪውም ከስም ጥያቄ ጥቂቱን ቀንሶ «ይህ ቢለወጥ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ።

ለገዢው ቢሮ ያለኝ ምክር አጭር ነው። ሻጩ ዕቃውን ይዞ አንድ ተራ ክፍል ይግባ፤ አንድ ክፍለ ጊዜ ያስተምር። ከተማሪዎቹ ደብተር ላይ ግምት ካልተገኘ ውሉ አይፈረም።