ከኢንቹ በፊት ድምፁ

እቁብ የደረሰው ሰው ቲቪ ሊገዛ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኢንች?» ብሎ ነው። እኔ ግን ለድምፁም ብር አስቀሩ ባይ ነኝ። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ከሶፋው እስከ ስክሪኑ ሁለት ሜትር ቢገኝ ነው፤ ለዚህ 55 ኢንች ይበቃል። ከዚያ ወዲያ በምትጨምሩት ብር የምታገኙት እርካታ እያነሰ ይሄዳል (ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ሳይናገር አያልፍም)።

የቀጫጭን ቲቪዎች ስፒከር ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ድምፁን የሚለቀውም ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ ነው። ሹክሹክታው አይሰማም፤ ድምፅ ስትጨምሩ ደግሞ ፍንዳታው ሰፈር ይቀሰቅሳል። በተረፈው ብር ሳውንድ ባር ግዙ። ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍም አይቅር፤ ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ማታ ማታ ግን ቤዙን ቀነስ አድርጉት፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤት ፊልሙን ሳያይ ድምድምታውን ብቻ ነው የሚሰማው።