የጎማ እግር ድምፅ ያሳምራልን?

የቤት ውስጥ ሙዚቃ ማዳመጫ መሣሪያዎች በሚሸጡበት ገበያ ከሸክላ ማጫወቻው፣ ከአምፕሊፋየሩና ከስፒከሩ ጎን ለጎን ራሱን የቻለ ሌላ ሸቀጥ ከተፈጠረ ሰንበትበት ብሏል። ከመሣሪያዎቹ ሥር የሚገባ የጎማ እግር፣ የሾለ የብረት እግር፣ የጥቁር ድንጋይ ጠፍጣፋ፣ አሸዋ የተሞላ መደርደሪያ፣ ይባስ ብሎም ሽቦ ወለሉን እንዳይነካ ከሥሩ የሚደረግ ድጋፍ ሁሉ የዚሁ ወገን ሲሆኑ፣ በጥቅሉ ንዝረት ማፈኛ ሊባሉ ይችላሉ። የሻጮቹ ቃል አንድ ነው፤ ንዝረት የጥሩ ድምፅ ጠላት ስለሆነ፣ እርሱ ሲታፈን ባሱ ይጠራል፣ የዘፋኙ ድምፅ ይቀርባል፣ እያንዳንዱ የሙዚቃ መሣሪያ በየቦታው ጎልቶ ይሰማል ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ነገሩን በጅምላ ተረት ነው ብለው ያልፉታል። ሁለቱም ወገኖች የሚዘሉት ጥያቄ አንድ ነው፤ መቼም ማንኛውም መሣሪያ በተወሰነ መጠን መንዘሩ አይቀርምና፣ ያ ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ምልክቱ ወይም ወደ ክፍሉ አየር የሚገባበት በር አለው ወይ የሚለው ነው።

በሸክላ ማጫወቻ ላይ ይህ በር ወለል ብሎ የተከፈተ ነው። በሸክላው ገጽ ላይ የተቀረጸው ፈር ስፋቱ የሚሊ ሜትር 20ኛ ገደማ ሲሆን፣ ሙዚቃውን የተሸከመው የፈሩ ግድግዳ ጥምዝምዝ በደካማ ድምፆች ጊዜ ከአንድ ማይክሮን፣ ማለትም ከሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ፣ ያነሰ ይሆናል። መርፌው በዚህ ፈር ውስጥ ሲጓዝ የሚደርስበትን እንቅስቃሴ ሁሉ ካርትሪጅ የሚባለው፣ መርፌውን የያዘው ትንሽ ክፍል፣ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል፤ መርፌውን ያንቀሳቀሰው የዘፋኙ ድምፅ ይሁን በክፍሉ ውስጥ የሚራመድ ሰው እግር ግን ካርትሪጁ ለይቶ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከካርትሪጁ የሚወጣው ምልክት ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ በመሆኑ፣ ፎኖ የሚባለው የአምፕሊፋየር ክፍል መቶ እጥፍ ያህል ያጎለብተዋል። በዚህ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ በአሜሪካ በተደነገገውና አር.አይ.ኤ.ኤ. በሚባለው መስፈርት መሠረት፣ ሸክላው ሲቀረጽ ሆን ተብሎ የተቀነሰው ባስ ሲጫወት ወደ ቦታው መመለስ ስላለበት፣ በሰከንድ 20 ጊዜ የሚርገበገብ ንዝረት፣ ማለትም የ20 ኸርዝ ንዝረት፣ ከ1,000 ኸርዙ ዘጠኝ እጥፍ በላይ ይጎላል። ከወለልና ከመደርደሪያ የሚመጣው ንዝረት በአብዛኛው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው ነውና፣ የማጉያው ሥርዓት ራሱ ለእንግዳው ንዝረት ያደላለታል ማለት ነው።

ይህንን ያለ ምንም መለኪያ ማረጋገጥ ይቻላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መርፌው በቆመው ሸክላ ላይ በእርጋታ ወርዶ፣ የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ከተለመደው መጠን ሳያልፍ፣ መደርደሪያው በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ ሲንኳኳ ምቱ በስፒከሩ በኩል ጎልቶ ይሰማል፤ ማጫወቻው በሚገባ ከተቀመጠ ግን ያው ምት እምብዛም አይታወቅም። ሙዚቃው እየተጫወተ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ደግሞ፣ ከስፒከሩ የሚወጣው ባስ በወለሉና በመደርደሪያው በኩል ዞሮ መርፌውን ያናውጠዋል፤ መርፌውም ያንኑ መልሶ ለስፒከሩ ይልካል። ዙሩ እየከረረ ሲሄድ መጀመሪያ ባሱ ይደፈርሳል፣ ቀጥሎ የትልቁ ስፒከር ሸራ ወዲያ ወዲህ ሲል በዓይን ይታያል፣ ካልቀነሱለትም መቆሚያ የሌለው ጉርምርምታ ክፍሉን ይሞላዋል።

መፍትሔውም የቆየ ነው። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ኤድጋር ቪልቹር በመሠረተው በአኩስቲክ ሪሰርች ኩባንያ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1961 ለገበያ ያቀረበው ኤክስ.ኤ. የተባለው ማጫወቻ፣ ሸክላው የሚያርፍበትን ሳህንና መርፌውን የሚሸከመውን ክንድ በአንድ የብረት አካል ላይ አያይዞ፣ ይህን አካል በስፕሪንግ ከውጪው ሣጥን ያንጠለጠለ በመሆኑ፣ መደርደሪያው ቢንቀጠቀጥ ሳህኑና ክንዱ አብረው ስለሚንቀሳቀሱ መርፌው ከፈሩ አንጻር ባለበት ይቆይ ነበር። የዚያ ማጫወቻ ዋጋ መጀመሪያ ላይ 60 ዶላር አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ለአራት እግሮች ብቻ የሚጠየቀውን ዋጋ ለሚያይ ሰው ይህ ቁጥር ትንሽ ሊያስገርመው ይችላል። ለዚህ ጉዳይ ቅርብ የሆኑ ኢትዮጵያውያንም አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በአምሃ እሸቴ የተመሠረተው አምሃ ሬከርድስና ሌሎች አሳታሚዎች ያወጧቸውን ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ጠብቀው ያቆዩ ሰዎች በአዲስ አበባም በውጭም ይገኛሉና። ለእነዚህ ሰዎች የማጫወቻው አቀማመጥ ጉዳይ የምር ነው፤ ነገር ግን በተጫረ ሸክላና ባለቀ መርፌ ምክንያት የሚመጣውን ንጭርጭታ ማንኛውም የጎማ እግር አያጠፋውም።

ንዝረትን ማፈን ማለት ግን ለስላሳ ነገር ከሥር ማስገባት ማለት ብቻ አይደለም። በስፕሪንግም ሆነ በጎማ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ዕቃ፣ ሲነኩት በራሱ ፍጥነት የሚወዛወዝበት የተፈጥሮ ድግግሞሽ አለው፤ በዚሁ ድግግሞሽ የሚገፋው ኃይል ሲመጣ፣ ልክ ዥዋዥዌን በሰዓቱ እንደሚገፋ እጅ፣ ውዝዋዜውን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም። ጎማው ንዝረትን መቀነስ የሚጀምረው የንዝረቱ ድግግሞሽ ከዚህ የተፈጥሮ ድግግሞሽ ከ1.4 እጥፍ በላይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ወይ እንዳለ ያሳልፋል ወይም ያጎላል። የተፈጥሮ ድግግሞሹን ለመገመት ደግሞ ማስመሪያ ይበቃል። ዕቃው ሲጫንበት አንድ ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ እግር የተፈጥሮ ድግግሞሹ ወደ 16 ኸርዝ፣ አሥር ሚሊ ሜትር የሚሰምጠው ወደ 5 ኸርዝ፣ 25 ሚሊ ሜትር የሚሰምጠው ደግሞ ወደ 3 ኸርዝ ይሆናል፤ ጎማ በፈጣን ንዝረት ጊዜ ይበልጥ ስለሚጠነክር እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ከፍ ይላል።

ከዚህ ስሌት የሚወጣው ውጤት ለገበያው አይመችም። ለከባድ አምፕሊፋየር የተሠራ ጠንካራ እግር ከቀላል ማጫወቻ ሥር ገብቶ የሚሊ ሜትር አምስተኛ ብቻ ቢሰምጥ፣ የተፈጥሮ ድግግሞሹ 35 ኸርዝ አካባቢ ያርፋል፤ የባስ ጊታር ዝቅተኛው ኖታ ደግሞ 41 ኸርዝ ነው። ገዢው ባሱ ጨመረ ብሎ ሊደሰት ይችላል፤ በእርግጥም ጨምሯል፣ የጨመረው ግን ሸክላው ላይ ያልተቀረጸ ባስ ነው። በጣም ለስላሳ የሆነው ስፕሪንግም የራሱ ጣጣ አለው፤ የሚረግብ የጣውላ ወለል ባለበት ቤት የእርምጃው ምት ከስፕሪንጉ ድግግሞሽ ጋር ሲገጥም መርፌው እስኪዘል ድረስ ማጫወቻው ይወዛወዛል። እንዲህ ላለው ቤት ከግድግዳው ጋር በብሎን የታሰረ መደርደሪያ ከየትኛውም ውድ እግር ይበልጣል፤ የኮንክሪት ወለል ባለበት ቤት ደግሞ የእርምጃው ችግር በአብዛኛው ከመነሻው ቀላል ነው።

ስለ ስፒከር ሲነሣ ነገሩ ይወሳሰባል። የስፒከር ሣጥን ግድግዳዎች ራሳቸው እየነዘሩ ያልተፈለገ ድምፅ ሊያወጡ እንደሚችሉ የታወቀ ሲሆን፣ የእንግሊዙ ቢቢሲ የምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሠራው ኤል.ኤስ.3/5ኤ በተባለው ትንሽ ስፒከር ላይ ስስ የጣውላ ግድግዳዎችን ከውስጥ በሬንጅ መሰል ንጣፍ በመሸፈን ይህን ነዝሮ መደወል ለማዳከም ሞክሯል። ይህ ግን በፋብሪካ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ከውጭ በሚጨመር እግር የሚተካ አይደለም። እግሮቹን በተመለከተ አንዱ ሻጭ የሾለ ብረት ስፒከሩን ከወለሉ ጋር አጥብቆ ስለሚያገናኝ ድምፅ ያሻሽላል ሲል፣ ሌላው ለስላሳ ጎማ ስፒከሩን ከወለሉ ስለሚለይ ያሻሽላል ይላል፤ የሁለቱም ደንበኞች ደግሞ ተሻሽሏል ብለው ይመሰክራሉ። እውነታው የሾለው እግር በምንጣፍ ላይ ስፒከሩ እንዳይወዛወዝ መርዳቱ፣ ለስላሳውም የጣውላ ወለል ራሱ እንደ ከበሮ እንዳያስተጋባ ማገዙ ነው፤ በኮንክሪት ወለል ላይ ግን የሁለቱም ውጤት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ለስላሳ እግር ቢጠቀም ትልቁ ተጠቃሚ ምናልባት ከታች ያለው ጎረቤት ነው፤ በመዋቅሩ በኩል የሚተላለፈው ባስ ይቀንስለታልና።

የቀረው በአጭሩ ይታለፋል። በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች ውስጥ የሚገኘው የድሮው የመስታወት ቫልቭ በውስጡ ያሉት ስስ ሽቦዎች ሲንቀጠቀጡ ምልክቱን ስለሚነኩት፣ በጣት መታ ሲደረግ በስፒከሩ «ቲንግ» ማለቱ የታወቀ ነው። በትራንዚስተር በሚሠራ አምፕሊፋየር ላይ ግን ለጆሮ የሚደርስ ነገር አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲም ቁጥሮቹን እያነበበ በጊዜያዊ ማኅደር ካስቀመጠ በኋላ በክሪስታል ሰዓት ምት የሚያወጣ፣ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደርስ ጭረት የደመሰሰውን ሳይቀር አርሞ የሚመልስ ሥርዓት ስላለው፣ የመደርደሪያ ንዝረት ሙዚቃውን ቀስ በቀስ አያበላሸውም፤ ንዝረቱ እጅግ ሲበረታ ይዘልላል፣ አለዚያ እንደወትሮው ይጫወታል። ከሽቦ ሥር የሚደረገው ድጋፍ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ታዲያ ይህን ያህል ሰው ለውጥ ሰማሁ የሚለው ለምንድን ነው? አብዛኞቹ አይዋሹም። ራስን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ብቻ ወደ ጆሮ የሚደርሰውን ቀጭን ድምፅ ይለውጠዋል፤ አራት ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ባስ ከግድግዳው አጠገብ ሲያገሳ ከመካከል ላይ ሊጠፋ ይችላል፤ የድምፁ መጠን በትንሹ ከፍ ሲል ደግሞ ጆሮ የሚተረጉመው እንደ ጥራት ነው። እግሩን ቀይሮ፣ መሣሪያውን ነካክቶ፣ ተመልሶ የተቀመጠ ሰው ከእነዚህ ሁሉ ቢያንስ አንዱን ሳያስበው ለውጧል። ዓይንም ይፈርዳል። ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉት የድምፅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ጥናት፣ የድምፅ መሣሪያ አምራች ኩባንያ ሠራተኞች የሆኑ አድማጮች ስፒከሮቹን እያዩና በመጋረጃ ተሸፍነውባቸው ሲመዝኑ የሰጡት ነጥብ መለያየቱን አሳይተዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚለው ብሂል ለሌላ ነገር የተባለ ቢሆንም እዚህም ያገለግላል።

ስለዚህ የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ በጠንካራ መደርደሪያ ላይ ያውል፣ ማጫወቻውን ከስፒከሮቹ ያርቅ፣ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት የተጫወተ መርፌ ካለው ይለውጥ፤ እግር መግዛት ካለበትም ለማጫወቻው ክብደት የተሠራውን ይምረጥ። ለሌሎቹ መሣሪያዎች እግር ለመግዛት የሚያስብ ሰው ደግሞ ክፍያውን ከመፈጸሙ በፊት፣ መሣሪያው ሳይታየው ሌላ ሰው እግሩን እያስገባና እያወጣ አሥር ጊዜ ያሰማው፤ ከአሥሩ ዘጠኙን ወይም ከዚያ በላይ በትክክል ከለየ፣ በግምት ብቻ ይህን የማግኘት ዕድሉ አንድ በመቶ ገደማ ነውና፣ ያለ ጥርጥር ይግዛው። አምስት ወይም ስድስቱን ብቻ ከለየ ግን ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት የተሻለ አልሰማም፤ እግሩን ለሻጩ ይመልስ።