ፖስተኛውን ማን ይሳለው?

በዚህ ሳምንት ያናደደኝ አንድ የግርጌ ጽሑፍ ነው። አንድ ካፌ ግድግዳ ላይ ቪንሰንት ቫን ጎ የሳለው የጆሴፍ ሩላን ምስል በትልቁ ታትሞ ተሰቅሏል። ከሥሩ «ከቤት ቤት ደብዳቤ የሚያድለው ደጉ ፖስተኛ» ይላል። ደግነቱ እውነት ነው። ሥራው ግን ከቤት ቤት መዞር አልነበረም፤ ደቡብ ፈረንሳይ፣ አርል ከተማ ባቡር ጣቢያ የፖስታ ከረጢት ማስጫንና ማስወረድ ነበር። ደብዳቤ ደጅ ድረስ የሚመጣው ጣቢያ ላይ ከረጢቱን የተቀበለ ሰው ስላለ ነው፤ እሱ ተረስቶ በር አንኳኪው ብቻ ሲወደስ ያንገበግበኛል።

በ1888 እ.ኤ.አ. የተሳለውንና ቦስተን ሙዚየም ያለውን ሥዕል አስተውላችሁ እዩት። ሰማያዊ የደንብ ልብስ፣ ሁለት ረድፍ የወርቅ ቀለም ቁልፍ፣ «ፖስታ» ተብሎ የተጻፈበት ኮፍያ፣ ለሁለት የተከፈለ ረዥም ጢም። ትልልቅ እጆቹ የት እንደሚያርፉ የጨነቃቸው ይመስላሉ። ደብዳቤ ግን የለም! ቫን ጎ የሳለው ሰውየውን ነው፤ ሶቅራጥስን ይመስላል ብሎም ጽፏል። ሩላን ለመሳል ለመቀመጡ ገንዘብ አልተቀበለም፤ አብሮት በላ፣ ጠጣ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሠዓሊው ጆሮውን ቆርጦ ሆስፒታል ሲገባም እየሄደ ጠየቀው፤ ስለ ጤንነቱ ለወንድሙ ለቴዎ ደብዳቤ ጻፈ። እንዲህ ያለ ወዳጅ ስድስት ጊዜ ቢሳል አይበዛበትም።

ወደ እኛ አገር ልመለስ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮቻችን በ1886 ዓ.ም. ሲወጡ ፓሪስ ላይ ዩጂን ሙሾን ቀረጻቸው፤ በአንዳንዶቹ ላይ አጼ ምኒልክ፣ በሌሎቹ ላይ አንበሳ አለ። ግሩም ሥራ ነው። ነገር ግን ደብዳቤውን በተሰነጠቀ ዘንግ ጫፍ ሰክቶ በረሃና ዳገት ያቋረጠው መልእክተኛስ? የዓድዋን ዘማች፣ ነጋሪት መቺውን፣ ፈረሰኛውን ደጋግመን ስለናል። መልእክተኛው ግን በየዐውደ ርእዩ አይታየኝም።

መልእክተኛን የመሳል ልማድ ጠፍቶብን ነው እንዳይባል፣ ልማዱ አለ። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ አራት ማዕዘን ከፋፍለው የሚስሉት ባለሙያዎቻችን ብዙ ጊዜ ነጋዴውን ታምሪንን አይዘሉትም። የሰሎሞንን ዝና ከኢየሩሳሌም ይዞላት የመጣው እሱ ነዋ! መልእክት አድራሹ ከሌለ ንግሥቲቱ ከቤቷ አትነሳም፤ ታሪኩም የለም። የድሮዎቹ ሠዓሊዎች ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር።

«በቴሌግራም ዘመን ምን ፖስተኛ አመጣብህ?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ጋሻና ጦርም ቀርቷል፤ መሳሉን ግን አልተውንም።

እኛ አገር ደብዳቤ በአብዛኛው የሚጠብቀን ፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው። ባለቁልፉ ከፊት ይከፍታል፤ ሠራተኛው ከኋላ በኩል ቁጥሩን እያየ ይሞላል። አንዳንዴ ሣጥኑን ስከፍት በዚያኛው ወገን ጣቶች ፖስታ ሲያስገቡ አይቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ፊት የለም።

ሠዓሊዎቻችን፣ እባካችሁ ከሣጥኖቹ ጀርባ ዙሩ። ፈቃድ ጠይቁ፤ ሠራተኛው ሥራውን እንዲያስረዳችሁ ጊዜ ስጡት፤ ከነደንብ ልብሱ አስቀምጣችሁ ሳሉት። ምሳም ጋብዙት።