ፎርሙላው ትክክል፣ ቦታው ስህተት

የፊዚክስ ተማሪ ከስፌሪካል ወደ ካርቴዥያን ኮኦርዲኔት መቀየርን የሚማረው እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ነው። ሦስቱን ፎርሙላ ይሸመድዳል፣ ቁጥር ይተካል፣ ያልፋል። ፈተናውም ከዚህ በላይ አይጠይቀውም። ይህ አሠራር መቅረት አለበት። ማዕዘኑ ከየት ተነስቶ እንደሚለካ ያልጠየቀ ሰው ምን እንደ ቀየረ አያውቅምና።

አዲስ አበባን እንውሰድ። ጂፒኤስ ኬክሮሷን ወደ 9 ዲግሪ ሰሜን ያነብባል። እንደለመደው የሚሠራ ተማሪ 9ን ከ90 ቀንሶ ቴታ ይለዋል፤ ለራዲየስ የምድርን አማካይ 6371 ኪሎ ሜትር ያስገባል። ሳይኑም ኮሳይኑም እንከን የለባቸውም፤ ነጥቡ ግን ከተማዋ ላይ አያርፍም። ምድር ድቡልቡል ኳስ ሳትሆን ኤሊፕሶይድ ናት፤ የወገቧ ራዲየስ ከዋልታዋ በ21 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ጂፒኤስ የሚሰጠን ኬክሮስም ከምድር እምብርት የተለካ አይደለም። ለኤሊፕሶይዱ ገጽ ቀጤ ነክ የሆነው መስመር ከምድር ወገብ ጠለል ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። በአዲስ አበባ የሁለቱ ማዕዘኖች ልዩነት 0.06 ዲግሪ ገደማ ነው። እዚህ ግባ የሚባል አይመስልም፤ ነገር ግን ነጥቡን ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ይገፋዋል። በዚያ ኬክሮስ የኤሊፕሶይዱ ራዲየስ 6377.6 ኪሎ ሜትር ስለሆነም ነጥቡ ሌላ ስድስት ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ ምድር ውስጥ ይሰምጣል፤ የከተማዋን ከፍታ ገና ሳንቆጥር።

መጻሕፍቱም አያግዙም። የፊዚክሶቹ ከዜድ ዘንግ የሚነሣውን ማዕዘን ቴታ ሲሉ፣ ብዙ የካልኩለስ መጻሕፍት ፋይ ይሉታል። ይህን አስቀድሞ የሚያስጠነቅቅ መምህር ግን ጥቂት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሲሙሌሽን ላይ የሚደርሰው ጥፋት ነው። ከአንድ ምንጭ በሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚወጣ ጨረር ለመሥራት ተማሪው ቴታን ከ0 እስከ 180 ዲግሪ በእኩል ዕድል ይመርጣል። ከሁለቱ ዋልታዎች በ30 ዲግሪ ውስጥ ያለው ገጽ ምንጩን ከሚከብበው ሉል 13 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በዚህ አመራረጥ ግን ከጨረሩ ሲሶው እዚያ ይከማቻል። መመረጥ ያለበት ቴታ ሳይሆን ኮሳይኑ ነበር፤ ከኔጌቲቭ 1 እስከ 1፣ በእኩል ዕድል። ወደ ዋልታው በቀረብን ቁጥር የሉሉ የኬክሮስ ቀለበቶች እንደሚጠብቡ በሥዕል ያየ ተማሪ ይህን ራሱ ይደርስበታል። ፎርሙላ ብቻ የያዘው ግን የተዛባውን ውጤት ፊዚክስ ነው ብሎ ያምነዋል።

«ቅየራውን ኮምፒውተር ይሠራው የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። ይሠራል፤ የተሳሳተ ማዕዘን ቢሰጡትም ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ይሠራል። ስለዚህ ፈተናው ራሱ ይቀየር፦ ማዕዘኑ ከየት እንደተለካ ሳይነገር ቁጥር ብቻ ይሰጥና፣ ከማስላቱ በፊት «ከየት ነው የተለካው?» ብሎ ለጻፈ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው።