ከበሩ ሥር ያለው ብረት

ነሐሴ ከተጋመሰ በኋላ በቂርቆስ ሠፈሮች የሚነሣው ጨዋታ ይለወጣል። የዝናቡና የትምህርት ቤቱ ክፍያ ጉዳይ እንዳለ ሆኖ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ይገባል፤ «ለመስቀል በማን መኪና ነው የምንሄደው?» አገሩ ጉራጌ የሆነ ሰው መስከረም 17 ቀን ከተማ ውስጥ ከተገኘ ወይ ታሟል ወይ ተቸግሯል ይባላል። መኪና ያለው ልጅ ይፈለጋል፣ ይለመናል፣ አንዳንዴም ይታዘዛል። ስኳሩ፣ ቡናውና ልብሱ ይጫናል። አያት ከፊት፣ ልጆች ከኋላ ይቀመጣሉ።

እስከ ወልቂጤም ሆነ እስከ ቡታጅራ ድረስ ችግር የለም፣ አስፋልት ነው። መኪናው የሚፈተነው ከአስፋልቱ ወርዶ እስከ አያት ደጅ ባለው ኮረኮንች ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ የወረደው ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ያወጣዋል፤ አምና ሜዳ የነበረው ዘንድሮ ቦይ ሆኖ ይጠብቃል። ወደ ሌላ አገር የሚሄደውም ቤተሰብ ለእንቁጣጣሽ ይሁን ለገና የሚገጥመው ይኸው ነው።

በዚህ ወር ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር ጠይቀውኛል። አንደኛው አባት ናቸው፤ «ልጄ ለፒክአፑ የጎን ብረት ላሠራ ይላል፣ ለጌጥ ነው ወይስ ጥቅም አለው?» አሉኝ። ሁለተኛዋ እናት ደግሞ፣ «ልጄ ከበሩ ሥር ቱቦ አስገጥሞ ተንሸራትቼ ልወድቅበት ነበር» ብለው አማረሩ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የድርጅት ላንድ ክሩዘር ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ሁለቱንም ጥያቄዎች አብሬ ልመልስ።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንግባባ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ድረስ፣ ከበሮቹ ሥር፣ የቦዲው የታችኛው ጠርዝ አለ። ቀጭን ላሜራ ተጣጥፎ የተሠራ ነው። ከፊት ፓራውልት አለ፣ ከኋላም እንዲሁ፤ ይህ የጎን ጠርዝ ግን ብዙ ጊዜ ምንም መከላከያ የለውም። ድንጋይ ከዚህ ሥር ሲገባ የመኪናው ክብደት ራሱ ላሜራውን ይጨፈልቀዋል። ውጭ አገር «ሮክ ስላይደር» የሚባለው፣ እኛ የጎን ብረት የምንለው፣ ይህን ጠርዝ የሚጠብቅ ወፍራም ብረት ነው። ሥራው መኪናው ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ክብደቱን ተሸክሞ፣ እየተንሸራተተ እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

ጉዳቱ ምን እንደሚመስል ካላያችሁት የጎረቤቴን ልንገራችሁ። አምና ከአስፋልት ወርደው ደረቅ ወንዝ ሲሻገሩ መኪናው በጎኑ ተንሸራተተና ከኋላ በር ሥር በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ደኅና ነው፣ ጎማውም ደኅና ነው። ነገር ግን ጠርዙ ወደ ላይ ተገፍቶ በሩን ነከሰው። በሩ ከውስጥም ከውጭም አልከፈት አለ። ከዚያ በር ጋር የተቀመጡት ደግሞ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት ነበሩ። ልጆቹ በሌላው በር ወረዱ፤ እማማን ግን በወንበሩ ላይ እየሳቡ በማዶው ማውረድ ነበረባቸው፣ እየመሸም ነበር። እንኳን ውኃ አልመጣ፣ እንኳን ጭስ አልተነሣ። ከበር ሥር ያለ ብረት የላሜራ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምለው ለዚህ ነው። በር በሚያስፈልግበት ሰዓት መከፈት አለበት።

እንግዲህ ልጁ «ላሠራ» ካለ አባት የሚጠይቁት ሦስት ጥያቄ አለ።

የመጀመሪያው፣ መኪናው ራሱን የቻለ ሻንሲ አለው ወይ? ሁላችንም ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር እናያለንና ሁሉም መኪና ሻንሲ ያለው ይመስለናል። ላንድ ክሩዘር፣ ፕራዶ፣ ሃይሉክስና መሰሎቻቸው ከሥር እንደ መሰላል የተሠራ ወፍራም ብረት አላቸው፤ ቦዲው ከዚያ ላይ በጎማ ትራሶች ተቀምጧል። እንደ ራቭ ፎር ያሉት ግን ቦዲያቸውና ሻንሲያቸው አንድ ወጥ ነው። ትክክለኛ የጎን ብረት የሚታሰረው ከመሰላሉ ብረት ጋር ስለሆነ፣ መሰላል የሌለው መኪና ላይ በብየዳ የተለጠፈ ቱቦ መከላከያ አይሆንም። ድንጋይ ሲመታው ይዞት የሚሄደው ያንኑ ላሜራ ነው።

ሁለተኛው፣ ብረቱ ከምን ጋር ነው የታሰረው? ብዙ የተሸወዱት እዚህ ላይ ነው። ገበያ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ በቀጭን ማያያዣ ከቦዲው ጋር የሚታሰር ቱቦ አለ። እሱ መርገጫ ነው፤ ሰው ይሸከማል እንጂ መኪና አይሸከምም። ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ታጥፎ ወደ ላይ ይወጣና በሩን ራሱ ይመታል፤ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻል ነበር ያሰኛል። ትክክለኛው በየጎኑ ሦስት ወይም አራት እግር ኖሮት እያንዳንዱ እግር ከሻንሲው ጋር የሚያያዝ ነው። በብረቱና በቦዲው መካከል ደግሞ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ሊኖር ይገባል፤ ቦዲውና ሻንሲው ኮረኮንች ላይ ለየብቻ ስለሚወዛወዙ ከተነካኩ ላሜራው ይላጣል፣ ከዚያም ይዝጋል።

ሦስተኛው፣ ብረቱ ምን ዓይነት ነው? ለበርና ለመስኮት የሚሆነው ስስ ቱቦላሬ ለዚህ አይሆንም። ለዚህ ሥራ በተለምዶ የሚመረጠው ከ45 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና የግድግዳው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር የማያንስ ቱቦ ነው፤ ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው ሰሌዳ ደግሞ ከዚያ ይወፍራል። ውፍረቱን ለማወቅ ቱቦው የተቆረጠበትን ጫፍ ማየት ይበቃል። ቀለም ከተቀባና ጫፉ ከተደፈነ በኋላ ግን ማንም አያውቀውም፤ ስለዚህ ሳይቀባ በፊት ሄዳችሁ እዩት። ለውኃ የሚሆነውን ነጭ ዚንክ የተቀባ ቧንቧ «ያው ብረት ነው» ብሎ የሚያቀርብ ካለ እምቢ በሉ። ዚንኩ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ ለበያጁም ጤና ጥሩ አይደለም፣ ብየዳውም አይያዝም።

«ይበየድ ወይስ በቡሎን ይታሰር?» የሚለው ክርክር ጋራዥ ውስጥ ማለቂያ የለውም። እኔ ለቤተሰብ መኪና ቡሎኑን እመርጣለሁ። ሻንሲ ላይ የሚደረግ ብየዳ ብረቱን በሙቀት ይለውጠዋል፣ የበያጁም ችሎታ ወሳኝ ይሆናል፤ ቡሎንና ዳዶ ግን ይፈታል፣ ይጠበቃል፣ ይለወጣል። በቡሎን ሲታሰርም ሻንሲው ላይ ቀድሞ ያሉትን ቀዳዳዎች መጠቀም እንጂ በዘፈቀደ መብሳት ልክ አይደለም። የግድ የሚበየድ ከሆነ የባትሪው ገመድ ይፈታ፤ በሻንሲው ጎን የሚያልፉት የነዳጅ፣ የፍሬንና የመብራት መስመሮች ይታዩ፤ ሳልባትዮው ከየት በኩል እንዳለ ይጠየቅ። ልጆች ሥራውን ቆመው ካላየን ቢሉ አትፍቀዱላቸው፤ የብየዳ ብርሃን ዓይን ይጎዳል።

ሥራው ሲያልቅ መፈተኛው ቀላል ነው። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ክሪኩን ከሻንሲው ሳይሆን ከጎን ብረቱ መካከል ሥር አስገቡና መኪናውን አንሱ፤ ማንም ከሥሩ እንዳይገባ። ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ብረቱ ካልታጠፈና ቦዲውን ካልነካ ሥራው ሥራ ነው። «አይ ጋሼ፣ በክሪክ አይነሣም፣ ለድንጋይ ነው» የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ መልሱን ራሱ ሰጥቷችኋል። ክሪክ መሸከም ያልቻለ ብረት ድንጋይ ላይ የወደቀ መኪና አይሸከምም።

ካዛንቺስ ላይ ይህን ሥራ የሚያውቁ እጆች በየጓሮው ነበሩ። ሠፈሩ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ጎረቤት ስለሆነ ከመስክ የሚመለስ ነጭ ላንድ ክሩዘር አይጠፋበትም፤ ጠማማ የሚያቀናም እንዲሁ። ስሙ ራሱ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ካሠሩበት «ካዛ ኢንቺስ» የመጣ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬን፣ ጋቢና፣ ቡሎን፣ ዳዶ የምንላቸውም ከዚያው ቋንቋ የወረስናቸው ናቸው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሠፈሩ በኮሪደር ልማቱ ሲነሣ የማውቃቸው ባለሙያዎች በየአቅጣጫው ተበተኑ። አሁን ሰው በያጅ የሚመርጠው በዝና ሳይሆን በአጋጣሚ ሆኗል፤ ፈተናውን ያጠበቅሁትም ለዚህ ነው። የድሮ ሠፈርተኛችሁ የት እንደገባ ስልክ ደውሎ ማፈላለግ ከአንድ ቀን በላይ አይፈጅም፣ ይጠቅማልም።

አሁን ወደ እናቲቱ ጥያቄ ልመለስ። ድቡልቡል ቱቦ ጭቃ ሲነካው ሳሙና ነው። ቀሚስና ነጠላ ለብሶ፣ በአንድ እጅ ምርኩዝ ይዞ በእሱ ላይ መውጣት ለወጣትም አይመች። የጎን ብረቱ ሲሠራ ከላዩ እግር ሙሉ በሙሉ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ፣ ነጠብጣብ ያለው የማያንሸራትት ላሜራ ይደረግበት። ወርዱ ቢያንስ የጫማ ግማሽ ይሁን። ቁመቱን ለመወሰን ደግሞ መኪናውን ጋራዥ ብቻ አትስደዱት፤ እማማን ይዛችሁ ሂዱና ጉልበታቸው እስከ የት እንደሚነሣ እዩ። ብረቱ ዝቅ ባለ ቁጥር ለመውጣት ይመቻል፣ ለድንጋይ ግን ይጋለጣል። ሁለቱን ማስታረቅ ካልተቻለ ብረቱን ከፍ አድርጎ በመኪናው ውስጥ ትንሽ የእንጨት መርገጫ መያዝና ከበሩ አጠገብ የሚጨበጥ እጀታ ማስገጠም ይበልጣል። አያት የሚወጡት በቀን ሁለቴ ነው፤ ድንጋዩ ግን ያለው መንገዱን ሙሉ ነው።

ክብደቱንም አስቡ። ደህና የጎን ብረት ሁለቱም ጎን ተደምሮ ከ40 እስከ 60 ኪሎ ይመዝናል፤ ግማሽ ኩንታል እህል ሁልጊዜ ጭናችሁ እንደ መዞር ነው። ለመስቀል ሲጫን ያን ያህል ዕቃ መቀነስ አለበት። ከከረምት በኋላ ደግሞ በብረቱና በቦዲው መካከል የተጠራቀመውን ጭቃ በውኃ ማስወጣት፣ ቡሎኖቹን ማጥበቅ ያስፈልጋል። በጠርዙ ሥር ውኃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከተደፈኑ መኪናው ከውስጥ ይበላል።

ዲዛየርና ቪትዝ ለያዛችሁ፣ ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም፤ እነሱ ከአስፋልቱ ዳር ቆመው በሌላ መኪና መቀጠል ነው ብልሃቱ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ካገደ ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። ባትሪው ከወለሉ ሥር፣ ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ ተዘርግቷል። እዚያ አካባቢ ብየዳ ፈጽሞ አይታሰብም፤ ክሪክም አምራቹ ካመለከተው ቦታ ውጭ አይገባም። ከሥር በድንጋይ ከተመታ «እየሄደ ነው» ተብሎ አይተውም፣ በባለሙያ ይታይ።

ከከተማ የማይወጣ መኪና የጎን ብረት አያስፈልገውም። ከቦሌ ካዛንቺስ የሚመላለስ ሰው ለዚህ የሚያወጣውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማና ለፍሬን ቢያውለው ቤተሰቡን የበለጠ ይጠብቃል። ብረት ማሠራት ያለበት በዓመት ሁለትና ሦስት ጊዜ ኮረኮንች የሚገባ፣ ሻንሲ ያለው መኪና የያዘ ነው። የሚያሠራውም ሰው ከዓመታዊው ምርመራ ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ቦሎ የሚያወጣበት ቦታ ጠይቆ ይጀምር።

ለልጆቻችሁ የምትነግሩት አንድ ነገር ይቅርና ላብቃ። የጎን ብረት ያስገጠመ ወጣት መኪናው የማይበገር ይመስለዋል። ከፍ ያለ ድንጋይ ሲያጋጥመው በሁለቱ ጎማ መካከል ላሳልፈው ከማለት ይልቅ ጎማውን በቀስታ ከላዩ አውጥቶ ቢያልፍ ሆድቃውም ጎኑም ይተርፋል። ወንዝና ገደል አፋፍ ላይ ደግሞ ሰው ይውረድ፣ አንዱ በእግር ቀድሞ መንገዱን ያሳይ። «አያቴ በእግር አትሄድም» የሚል ካለ፣ ከመውረዱ ይልቅ በማይከፈት በር መውጣቱ እንደሚከብዳቸው ንገሩት። አያቶችም፣ ውረዱ ስትባሉ አትቀየሙ።