«የስ፣ የስ» ያመጣው ጣጣ

ዛሬ የራሴን ጉድ ላጫውታችሁ።

አሜሪካ እንደገባሁ በአንድ ሕንፃ የሌሊት ጽዳት ተቀጠርኩ። አለቃው ስለ ኬሚካሎቹ በእንግሊዝኛ ሲያስረዳ፣ አልገባኝም ማለት አሳፍሮኝ «የስ፣ የስ» እያልኩ ፈረምኩ። አንድ ሌሊት መጸዳጃ ቤቱ ይበልጥ እንዲነጣልኝ ብዬ በረኪናውን ከማጽጃው አሲድ ጋር ቀላቀልኩት። ኧረ ምኑ ቅጡ! ዓይኔ ተቃጠለ፣ ትንፋሼ ተቆራረጠ። አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት ያገራችን እናት «አንተ ልጅ፣ ራስህን ልትገድል ነው?» ብለው ጎትተው ባያወጡኝ ኖሮ፣ ይህን ዓምድ ሌላ ሰው ይጽፍላችሁ ነበር።

በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ከአሞኒያ ጋርም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይፈጥራል። ስለዚህ በምንም አትቀላቅሉት።

እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ሥዕሉን እዩ። በጫፉ የቆመ፣ ቀይ ጠርዝ ያለው አራት ማዕዘን ነው። በውስጡ የራስ ቅል ካለ ሊገድል የሚችል መርዝ ነው። እጅና ብረት ላይ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ ካለ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። ነበልባል ካለ ይቀጣጠላል። ደረቱ የተሰነጣጠቀ ሰው ካያችሁ ደግሞ ካንሰርን የመሰለ ውሎ አድሮ የሚመጣ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ኬሚካሉንም ጽሑፍ ወደሌለው ዕቃ አትገልብጡ፤ በተለይ ወደ ውኃ ጠርሙስ!

ወገኖቼ፣ እዚህ አሜሪካ ኦሻ አሠሪው ሠራተኛውን በሚገባው ቋንቋ እንዲያሠለጥን ያስገድዳል። «አልገባኝም» ማለት መብት እንጂ ነውር አይደለም። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሳይገባችሁ አትፈርሙ።

ሰላም ሰንብቱ።