እኛን ከመቁጠራቸው በፊት

አሁን ደግሞ ፋሽኑ «ፕሮጀክት» ሆኗል። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ «ተማሪ ተኮር» ተባለ፣ «ተከታታይ ምዘና» ተባለ፤ ስሙ ይለዋወጣል፣ ጠመኔው ያው ነው። እነሆ ተራው የፕሮጀክት ሆነና በፕሮጀክት የተማረ ተማሪ ውጤቱ ይሻሻላል ወይስ አይሻሻልም የሚል የክፍል ውስጥ ጥናት ይታቀዳል፤ መጠይቁም ይባዛል። መልካም! ጥናት የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። ነገር ግን፣ ወገኖች፣ የሚጠናው ማነው? እኛ ነን። ነገ መምህር ሆነን ከጂንካ እስከ ኦሞራቴ ስንበተን ደግሞ አጥኚዎቹም እኛው ነን። ስለዚህ ዕቅዱ ገና ረቂቅ ሳለ አፋችንን እንክፈት።

ለመሆኑ በየክፍሉ ፕሮጀክት እየተባለ የሚሠራው ምንድነው? እንተዋወቅ የለ እንዴ! ስድስት ሰው በአንድ ቡድን ይመደባል። አንዷ ትሠራለች፤ አንዱ ኮምፒዩተር ቤት ወስዶ ያስጽፋል፤ አራቱ ስማቸውን ያስገባሉ። ሽፋኑ ባለ ቀለም ከሆነ ማርኩ ከፍ ይላል፤ የሽፋን ብር የሌለው ቡድን ዝቅ ይላል። ይኼ ዘመድ የበዛበት የቤት ሥራ እንጂ ፕሮጀክት አይደለም። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው መምህር ዊልያም ኪልፓትሪክ በ1918 እ.ኤ.አ. ስለ ፕሮጀክት ዘዴ ሲጽፍ ነገሩን ያቆመው ተማሪው ከልቡ በያዘው ዓላማ ላይ ነበር። እኛ ዘንድ ሲደርስ ዓላማው መንገድ ላይ ቀረና ሽፋኑ ብቻ ገባ። ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር ስድስት ሳምንት አካሂዶ «ጠቀመ» ወይም «አልጠቀመም» ቢባል ምን ተጠና? የተጠናው ኮምፒዩተር ቤቱ ነው።

እውነተኛ ፕሮጀክትማ በደቡብ ኦሞ ምን ሞልቶ! የጂንካን የቅዳሜ ገበያ ተመልከቱ። አሪው፣ ማሌው፣ በናው ይዞት የሚመጣውን እህል፣ ማርና ቅቤ ዋጋ በየሳምንቱ መዝግቦ ለምን ወጣ፣ ለምን ወረደ ብሎ መጠየቅ ሒሳብም ነው፣ ኢኮኖሚክስም ነው። እናቱ እዚያ ጉሊት የምትቀመጥ ልጅ በዚህ ጉዳይ ከአስተማሪው ይበልጣል፤ በክፍል ውስጥ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ። ወደ ኦሞራቴም ውረዱ። የዳሰነች ገበሬ ኦሞ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ አፈር ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ያ የየዓመቱ ጎርፍ እንደ ቀድሞው አይመጣም። አባቱ ምን እንዳጣ፣ ምን እንዳገኘ፣ ዛሬ በምን እንደሚኖር ጠይቆ የሚጽፍ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ጂኦግራፊን አይረሳትም። ግን ማን ይድፈር? መልሱ አስቀድሞ ያልታወቀ ጥያቄ ለማረም አይመችም። አንዳንዴም ለአለቃ አይመችም።

ወደ «ውጤት» እንምጣ፤ ትልቁ ጠብ ያለው እዚህ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አገሩን ማስደንገጡ እውነት ነው፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ደረሰ። እና ማርክ ምን ያደርጋል የሚል ካለ እሱ የጠገበ ሰው ነው፤ ለደሃ ልጅ ማርክ መንገድ ነው። ማርክ ይቆጠር! ነገር ግን እንዴት ይቆጠራል? መስከረም ላይ ስልሳ ሆነው ጀመሩ እንበል። አንዱ በበጋ ከብት ተከትሎ ሄደ፣ አንዷ ተዳረች፣ አንዱ ስንቅ አለቀበት፤ ሰኔ ላይ አርባ ቀሩ። የሄዱት ቀድሞም ዝቅተኛ ማርክ የነበራቸው ከሆኑ ማንም አንዲት ፊደል ሳይጨምር የክፍሉ አማካይ ከፍ ይላል። አጥኚው ያጨበጭባል፤ ሃያዎቹ የሉም። በቆላው ወረዳ እንዲህ ያለ ጥናት ከስሕተትም ያልፋል፤ የቀሩትን ልጆች ሁለተኛ ጊዜ ማስቀረት ነው።

ደግሞ ያ መጠይቅ! «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም»። ቤቱ ሐመርኛ፣ ቢሮና ገበያ ላይ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚጠበቅበት ልጅ ወረቀቱን በእንግሊዝኛ ይቀበላል፤ አስተማሪው ፊት ለፊቱ ቆሟል፤ ምን ብሎ ያክብብ? በጣም ይስማማል እንጂ! ማርኩ በማን እጅ እንዳለ ያውቃላ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ያው አስተማሪ በሁለት ክፍል ያስተምር፤ አንዱ በፕሮጀክት፣ ሌላው በተለመደው መንገድ። ፈተናውን ስም ሸፍኖ ሌላ ሰው ያርመው፤ ዘዴውን የወደደ መምህር የራሱን ዘዴ ሲያርም እጁ መለስለሱ አይቀርም። በየቡድኑ ማን ምን እንደሠራ ይመዝገብ። የሄደው ልጅ ከመዝገብ አይፋቅ፤ ለምን እንደሄደ ቤቱ ድረስ ተሂዶ ይጠየቅ። በሚቀጥለው ሴሚስተርም ተመልሰው ምን እንደቀረላቸው ይዩ፣ ስድስት ሳምንት የጋለ ምጣድ ሁሉ እንጀራ አያወጣምና። ጥያቄው ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን፤ አስተርጓሚ ከፈለጉ እኛ አለን። አዎን፣ ይኼ ሁሉ ያደክማል፣ ወጪም አለው። የማያደክመውን ጥናት ግን እስከ ዛሬ ስንት ጊዜ ሞልተን ሰጠን!

ደቡብ ኦሞ ለአጥኚ እንግዳ አይደለችም፤ ጂንካ ኮረብታው ላይ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም አላት፤ ባለ ካሜራውም ከየአገሩ ይጎርፋል። ሙርሲዋ ፎቶ ለሚያነሳት ቱሪስት ዋጋ ትቆርጣለች፤ ሳትስማማ ፊቷን ታዞራለች። መጠይቅ የሚሞላ ተማሪ ዋጋም አይቆርጥ፣ ፊቱንም አያዞር፤ ይባስ ብሎ ምን እንደተጻፈበት እንኳ ሳያይ ይመረቃል። ከእንግዲህ ጥናቱ ሲያልቅ፣ ወደ መደርደሪያ ከመሄዱ በፊት፣ በዚያው ክፍል፣ ለተጠኑት ልጆች ይነበብ። «አይ፣ እንዲህ አልነበረም» የሚል ቢነሳ ያም ይጻፍ።